ባዶ ነው፣ አባዬ

ናይሮቢ ሃያ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። «ባዶ» የሚለውን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ እሰማዋለሁ። በስዋሂሊ «ገና» ማለት ነው። ማታቱ የሚሉት ታክሲ ሞላ? ባዶ። ወረቀቱ ተፈረመ? ባዶ። የቧንቧው ሠራተኛ መጣ? ባዶ፣ እሱማ ሁልጊዜም ባዶ ነው። አዲስ የሚመጣ የአገሬ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህች ቃል ነው። ከአዲስ አበባ የተላከለት ሻንጣ ደርሶ እንደሆነ ሲጠይቅ «ባዶ» ይሉታል፤ ዕቃው የተዘረፈ መስሎት ጩኸቱን ያቀልጠዋል። ስንቱን ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አይዞህ፣ ገና ነው ያሉህ» ብዬ እንዳረጋጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ ይኸው ሰውዬ ግን፣ ቃሉ ከገዛ ልጄ አፍ ሲወጣ በአማርኛ ሰማሁት።

የሆነው በስልክ ነው። ልጄ ዌስትላንድስ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ጀርባ ቁም ሣጥን የምታክል ክፍል ተከራይታ ፓይ፣ ያንን በፍሬ የሚሞላ የፈረንጅ ጋገራ፣ ልትሸጥ መሆኗን ከነገረችኝ ወዲህ ሰላምታችን አጭር ሆኗል። ያን ቀን ግን እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ፣ «ሱቁስ?» አልኳት።

«ባዶ ነው፣ አባዬ» አለችኝ። ድምፅዋ ደከም ያለ ነበር።

ስልኩን ዘጋሁና ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ግን ደስ ነው ያለኝ። ገበያተኛ አልገባላትም፣ ትንሽ ትንፈራገጥና ወደ ቢሮዋ ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ። ሻይ እንኳ ደገምኩ።

ክፉ አባት እንዳልመስል ምክንያቴን ልናገር። እኔና ባለቤቴ ልጃችንን የሦስት ዓመት ሕፃን ይዘን ነው እዚህ የገባነው። ምግብ ቤት ከፈትን። እኔ ባንኮኒው ላይ፣ እሷ ምድጃው ላይ፤ እንዲህ ሆነን ሃያ ሁለት ዓመት ሠራን። ጉልበቷ አልቆምም ሲላት ቤቱን ለሌላ ሰው አስረከብንና ኪሌሌሽዋ በምትገኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ቤታችን ተቀመጥን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፤ ልጄ ከእሳት እንድትርቅ። ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትሠራ። ተቀመጠችም። ጊጊሪ ካሉት ከእነዚያ አጥራቸው ረጅም ከሆነ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጠረች፤ አንገቷ ላይ ባጅ አንጠለጠለች። ያንን ባጅ ከእሷ ይልቅ የለበስኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው «ልጅህ ደኅና ናት?» ካለኝ «ጊጊሪ ናት» ነበር መልሴ። ያልጠየቀኝም ሰምቶታል።

ከዚያ አንድ ቀን ባጇን መልሳ መጣች። ምን ልትሠሪ ነው ስላት «ፓይ» አለችኝ። ፓይ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ከእሳት ያወጣናት ልጅ በገዛ እግሯ ተመልሳ እሳት ፊት ቆመች።

ስለዚህ ያን ዕለት በደስታዬ ላይ ምስክር ፈለግኩና ለባለቤቴ ነገርኳት። «ሱቋ ባዶ ነው አለችኝ፤ ሰው ዝር አላለም።»

ባለቤቴ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ።

«አንተ ሰውዬ፣ በስዋሂሊ እኮ ነው የነገረችህ። ገና አልከፈተችም። አባዬ ሳይመርቀኝ አልከፍትም ብላ ቁልፉን ይዛ ከተቀመጠች ሁለት ወር ሆናት። አከራይዋም እስከ ፋሲካ ካልከፈትሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏታል።»

ያን ጊዜ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛው፣ ጆሮዬ የሰማው ልቤ የፈለገውን እንደነበር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፦ ልጄን ለመከልከል እምቢ ማለት እንኳ አያስፈልገኝም። ዝም ማለት ይበቃኛል። ዝምታ ወርቅ ነው እያልኩ ያንን ወርቅ እስከ ፋሲካ ብይዘው ነገሩ በራሱ ያልቃል። ያዝኩትም።

ጾሙ ደግሞ አገዘኝ። በቅበላው ሰሞን አንድ ፓይ ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ «ጠግቤያለሁ» ብያት ሳልነካው ቀረ። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ግን ሰበብ መፈለግም ቀረልኝ። «ቅቤ አለበት አይደል? በይ እንግዲህ፣ ጾም ነው።» ሁለት ጊዜ እንዲህ አልኳት። ጾም ለነፍስ እንጂ ለመደበቂያ እንዳልተሠራ አውቃለሁ፤ ግን ተደበቅኩበት። እሷ «እሺ» ብቻ ነበር የምትለው። ይህ «እሺ» የእናቷ ነው፤ ከኋላው ምን እንዳለ መጠርጠር ነበረብኝ።

በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ ልጄ በራችን ላይ ሁለት ከረጢትና አንድ የበረዶ ሣጥን ይዛ ቆማለች።

«አባዬ፣ ዛሬ እዚህ ነው የምሠራው» አለች። «ቅቤ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም። ሦስት ሳምንት ስሞክረው ነበር። ሁለቱን ሳምንት ቶታሊ ከሸፈ፤ አሁን ግን መጣልኝ። የጾም ነው።»

ማምለጫ አጣሁ። ጋዜጣዬን ይዤ ማዕድ ቤቱ ጥግ ተቀመጥኩ። አነባለሁ ብዬ ነበር፤ የሆነውን ልንገራችሁ፣ አንዲት ገጽ አልገለጥኩም።

መጀመሪያ ፍሬዎቹን ነጭ ሳህን ላይ ዘረገፈቻቸው። ቀያዮቹ ከሊሙሩ የመጡ ናቸው፤ ዌስትላንድስ መኪና ሲቆም በመስኮት የሚሸጧቸውን አውቃቸዋለሁ። ሌሎቹን ግን እንዲህ ባንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጥቁር፣ እንደ ዶቃ የተጠጋጉ። ሮዝ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ። ሰማያዊ፣ ላያቸው ላይ አቧራ የመሰለ ነገር ያለበት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ ወደ ጥቁሩ እያመለከትኩ።

«ብላክቤሪ።»

«በአማርኛ?»

አሰበች። «እንጆሪ መሰለኝ።»

«ይሄኛውስ?»

«ራስፕቤሪ። እሱም... እማዬ፣ እሱም እንጆሪ ነው እንዴ?»

«እንጆሪ ነው» አለች ባለቤቴ ከበሩ።

«ቀዩስ?»

«ስትሮቤሪማ እንጆሪ ነው!»

ሦስታችንም ሳቅን። ሰማያዊው ስም ሳይኖረው ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ምግብ ቤት የያዘ ሰው ነኝ፤ አንድ ሳህን ላይ አራት ፍጥረት ተቀምጦ ለሦስቱ ያለኝ ስም አንድ ብቻ መሆኑ ገረመኝ። እግዜር እነዚህን ለይቶ ለይቶ ሲሠራቸው እኛ በጅምላ መጥራታችን ትንሽ ነውር መሰለኝ። አንዱን ጥቁር አንስቼ በላሁት። ከዚያ ሮዙን። ከዚያ ሰማያዊውን። አንዱ ይኮመጥጣል፣ አንዱ ሽታው ከጣዕሙ ይቀድማል፣ ሰማያዊው ዝም ያለ ነው፤ ካኘኩት በኋላ ነው የተናገረው። «አባዬ፣ ለፓይ ይቅርልኝ» እስክትለኝ ድረስ አላቆምኩም።

ሊጡ ላይ ስትደርስ ደግሞ የማውቀው ሁሉ ተገለበጠ። በእኛ ቤት ሊጥ የሚወደደው ሲታሽ ነው፤ ባለቤቴ ስታሽ ጠረጴዛው ይንቀሳቀስ ነበር። ልጄ ግን ዱቄቱን የምትነካው እንዳይነቃባት የፈራች ይመስል ነበር። ከሞምባሳ የመጣውን የኮኮናት ዘይት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ እንደ ሻማ አጠንክራዋለች። ከትፋ ከትፋ ዱቄቱ ውስጥ ጨመረችውና በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ፈተግ ፈተግ አደረገችው። እጇ በሞቀ ቁጥር በረዶ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለች።

«እሺው እንጂ!» አልኳት፤ አላስችል ብሎኝ።

«ከታሸ ይጠነክራል፣ አባዬ። ዘይቱ ሳይቀልጥ ነው ኦቨን መግባት ያለበት። ከቀለጠ ኪዊሻ።»

ኪዊሻ ማለት አለቀለት ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ወደ እሳት የሚገባ ነገር በብርድ ይዘጋጃል። ልጄ እሳት ፊት ቆማለች ብዬ ስበሳጭ ከረምኩ፤ እሷ ግን ጣቶቿ በቅዝቃዜ ቀልተው በረዶ ውስጥ ነው ያሉት። ሊጡን በዱቄት ላይ ዳመጠችው፤ ክብ ሆነ፤ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሳሳ። ፍሬውን በስኳር፣ በሎሚና በጥቂት የበቆሎ ስታርች ለውሳ ሞላችበት። ቀሪውን ሊጥ እንደ ጠፍር ቀጫጭን አድርጋ ቆረጠችና አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፈች እንደ ጠፍር አልጋ ጠለፈችው። አንዲቱ ጠፍር ተበጠሰችባት። ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ምራቋን እንኳ ሳትውጥ ጫፍና ጫፉን አገናኝታ በጣቷ ጫን አደረገችው፤ የት ላይ እንደተበጠሰ ጠፋኝ። ይህን የቢሮ ወንበር አላስተማራትም። እኔም አላስተማርኳት።

ኦቨኑ መስኮት ፊት ወንበሬን አስጠጋሁ። ልክ ናችሁ፣ ጋዜጣውን ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ጠፍሩ ወርቃማ ሆነ። ከዚያ ከቀዳዳዎቹ ሐምራዊው ጭማቂ ብቅ ብሎ መፍላት ጀመረ፤ መጀመሪያ ከዳር፣ ኋላ ከመሃል፤ ወፍራም፣ ቀርፋፋ፣ የሚያብረቀርቅ። ቀዩም ጥቁሩም ሰማያዊውም አንድ ቀለም ሆነዋል፤ ያን ቀለም ደግሞ ከገቡት ፍሬዎች በአንዳቸውም ላይ አላየሁትም ነበር። ሽታው ቤቱን ሞላው። ዕድሜዬን በሙሉ ከምግብ ጋር የዋልኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ አፌን ከፍቼ የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም።

ስምንት ሰዓት ላይ አወጣችው። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፤ ፓዩን መሃሉ ላይ አስቀመጠችና ቢላዋ ከጎኑ አኖረች። በበዓል ቀን ድፎ ዳቦ ለአባወራ እንደሚቀርበው። ተንኮሏ የገባኝ ኋላ ነው። ነጭ ጨርቅ፣ ክብ ነገር፣ ቢላዋ ሲያይ ሰውነቴ ራሱ ያውቃል፤ ብድግ አልኩ፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ፣ ቢላዋውን አነሳሁ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩና በመስቀል ምልክት ልቆርሰው ሰነዘርኩ።

«ባዶ! አባዬ፣ ባዶ ነው!» ብላ እጄን ያዘችኝ።

በዚህ ጊዜ በስዋሂሊ ሰማሁት።

«ገና አራት ሰዓት ይቀረዋል» አለች። «አሁን ከተቆረጠ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ነው የሚይዘው።»

አራት ሰዓት! እኔ እኮ «ትኩስ! ትኩስ!» እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት የጮህኩ ሰው ነኝ። ምግብ ከምድጃ እስከ ጠረጴዛ እስኪደርስ የጠበቅኩት ትልቁ ጊዜ ደቂቃ ነው። ይሄ ግን ከእሳት ከወጣ በኋላም እየበሰለ ነው፤ መጠበቁም ሥራ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ ባለቤቴ እየሳቀች። «ጾም ነው፣ እንቁላል አታንሺብኝ» አልኳት።

ግን ምን ላድርግ? በስመ አብ ብያለሁ። የተጀመረ ምርቃት አይቋረጥም፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ሶፋ ላይ ብጋደም ደስ አይልም። ቢላዋውን ጨርቁ ላይ አሳረፍኩና እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጄ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

እጇ ከሶፋው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ክንዷ ላይ፣ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ፣ አዲስ ጠባሳ አየሁ፤ የኦቨን ብረት የነካው ቀጥ ያለ መስመር። ደሜ ፈላ። ይህንን ነበር የፈራሁት፤ ይኸው መጣ። ቀና ስል ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ነው፤ እጅጌዋን ሰብስባለች። እዚያው ቦታ ላይ፣ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ፣ የእሷ አለ። አንድ አይደለም። አምስት ቆጥሬ ተውኩት። እነዚያን ጠባሳዎች በየዓመቱ ሲጨመሩ አይቻቸዋለሁ፤ ልጄን ከእሳት ለማራቅ የማልኩት በእነሱ ነው። ግን ባለቤቴን ስለ እነሱ ምንም ብያት አላውቅም።

ልጄን መልሼ አየኋት። ጊጊሪ በነበረችበት ጊዜ እሑድ እኛ ዘንድ ስትመጣ ስልኳን እያየች ነበር የምትውለው፤ ራሴን አመመኝ ትል ነበር፤ አንድ ቀን እንዲህ ስትተኛ አላየኋትም። አሁን አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ፀጉሯ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ሕፃን ሆና ተኝታለች። የእኔ ምኞት ያስቀመጣት ወንበር ላይ እንዲህ ያለ እረፍት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ፓዩን ብቻ ጠበቅኩ። በየጊዜው ሳህኑን ዘንበል አድርጌ አየዋለሁ። በመጀመሪያው ሰዓት ጭማቂው ወደ ዳር ይሮጣል። በሁለተኛው ይንቀረፈፋል። በሦስተኛው ዘንበል ሳደርገው ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ማንም አልነካው፣ እሳት የለ፣ ማማሰያ የለ፤ ብቻውን ተቀምጦ ራሱን ያጠነክራል። ፈራሁት ብል አትሳቁብኝ። ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲዘጋ የሚሰማኝ ዓይነት ዝምታ ነበር የወረደብኝ።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ሳህኑን በእጇ ዳሰሰችና «ሳሳ» አለች፤ አሁን ማለት ነው።

ቆረስኩት። ጠፍሩ ቢላዋው ሥር ክሽ ክሽ አለ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ሳወጣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም፤ ጥቁሩ በቦታው፣ ሮዙ በቦታው፣ ያ ስም የሌለው ሰማያዊ በቦታው ቆሟል። ቀመስኩት። ቅቤ የለውም፣ ምንም የለውም፤ ግን አፌ ውስጥ ሊጡ ፍርክስክስ ሲል ፍሬው ቀዝቃዛና ኮምጣጣ ሆኖ መጣ፤ ከዚያ ጣፋጩ ቀስ ብሎ ተከተለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልደብቀው አልሞከርኩም።

ልጄ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። እየጠበቀች ነው። እኔ በሠርግ በክርስትና ተጠርቼ የምመርቅ ሰው ነኝ፤ ከአብርሃም ከሣራ ጀምሬ ሰዉ ወገቡን እስኪያመው የማስቆም። ያን ጊዜ ግን ያ ሁሉ ቃል ጠፋኝ። የመጣልኝ አንድ ብቻ ነበር።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አልኳት። «ሱቅሽን ክፈቺ።»

«አሜን» አለች። ስልኳን አንሥታ ለአከራይዋ «ነገ እከፍታለሁ» ብላ ጻፈች።

ባለቤቴ ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልበላችም።

«ይህቺን ቃል ለእኔ ብለኸኝ አታውቅም» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሷ ግን ፈገግ አላለችም፤ አልተቆጣችምም።

«የበላ ሁሉ ብሎኛል» አለች። «ከአገር የመጣ እንግዳ፣ የማላውቀው ሹፌር፣ እስከ በር መጥቶ የሚሄድ ለማኝ ሁሉ። አንተ ከባንኮኒው ሆነህ ‹ትኩስ ነው?› ነበር የምትለኝ።»

እውነቷን ነው። ወደ ኋላ ሄጄ አንድ ቀን ፈለግኩ፤ አንድ ቀን፣ በዓልም ቢሆን፤ ከሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አጣሁ። ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ሁለታችንን ታያለች። ተነሥቼ ጠረጴዛውን ዞርኩ፤ እጆቿን ያዝኩ፣ ከእነ ጠባሳቸው። ለካ ሻካራ ናቸው። «እጅሽ ይባረክ» አልኳት።

ልጄ «አሜን» አለች። ባለቤቴ ግን አሜን አላለችም፤ እጆቿንም ከእጄ አላወጣችም።

«እስቲ ድገመው» አለችኝ።